አሉማን ከዘር ማሳደግ፦ እንደ ባቄላ ሳይሆን እንደ ጤፍ ዝሩት

ጥምቀት ላይ ከታቦቱ በላይ የሚዘረጋውን ድባብ አስታውሱ። ዙሪያውን የሚንጠለጠል ዘርፍ አለው። ተንጠልጣዩ አማራንተስ ሲያብብ ያንን ይመስላል። ከቅጠሉ መሃል ይወጣና ቀይ ጭራውን ወደ መሬት ይለቃል። ሲመቸው ጭራው ክንድ ይሞላል። ሲዳስሱት ከፈይ ነው።

ግቢዬ የገባ ሰው ሁሉ "ይሄን ችግኝ ከየት አመጣሽው?" ይለኛል። ችግኙን አልገዛሁትም፤ ከዘር ነው ያወጣሁት። አንድ ቁንጥር ዘር መንደሩን ሁሉ ያዳርሳል። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድም አልበቀለልኝም። በጣቴ ጉድጓድ እየከፈትኩ ሦስት ሦስት ፍሬ ጨመርኩ። አፈር መለስኩበት፣ ጠቀጠቅኩት፣ ከላይ በባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ሻጩን ረገምኩት። ሻጩ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ እንደ ባቄላ የቀበርኩት።

ይህ ተክል በአማርኛ አሉማ ይባላል። የፈረንጅ ጤፍ የሚሉትም አሉ። ይህን ሁለተኛውን ስም ያወጣለት ሰው የአዘራሩን መመሪያ ግማሽ በሁለት ቃል ጨርሶታል። ዘሩ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ1,000 በላይ ፍሬ አለ። ጤፍን ደግሞ ማንም ጉድጓድ ቆፍሮ አይቀብርም።

ዘር ስትመርጡ

"አማራንተስ" የተባለ ፓኬት ሁሉ አንድ አይደለም። ሳታዩ ከገዛችሁ ተንጠልጣይ ስትጠብቁ ቀጥ ብሎ የቆመ ይወጣላችኋል።

ኮዳተስ የሚባለው ያ ባለ ጭራው ነው። ስሙ ራሱ በላቲን "ባለ ጭራ" ማለት ነው። አገሩ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ፔሩ ውስጥ ኪዊቻ ይሉታል፣ ዘሩንም እንደ እህል ይበሉታል። ከፍታ የለመደ ስለሆነ ለደጋ ግቢ ከሁሉም የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። ቀዩ የታወቀው ነው። ቪሪዲስ የሚባለው አረንጓዴ ጭራ ያወጣል። ኮራል ፋውንቴን ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ብዙ ሰው ቀዩን ብቻ ይፈልጋል። እኔ አረንጓዴውን እወደዋለሁ፤ ሲደርቅ ቀለሙ አይከዳም፣ ማንኛውም አበባ አጠገቡ ቢሰካ ያምራል።

ክሩየንተስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። ከዚህ ወገን ኦሽበርግ ጥቁር ቀይ ይሆናል። ሆት ቢስኪትስ ከምጣድ እንደወረደ የገብስ ቆሎ ዓይነት ቀለም አለው። ሃይፖኮንድሪያከስም ቀጥ ባይ ነው፤ የሜክሲኮ ተወላጅ። እዚያ ዘሩን እንደ ፈንዲሻ አፈንድተው በማር ያጣብቁና አሌግሪያ የሚባል ጣፋጭ ይሠሩበታል። ቃሉ "ደስታ" ማለት ነው።

ትራይከለር የተጻፈበትን ካያችሁ ደግሞ እሱ ለአበባው አይደለም የሚፈለገው፣ ለቅጠሉ ነው። አንዱ ቅጠል ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይደረደራሉ። "ሰንደቅ ዓላማ ተከልሽ እንዴ?" ያለኝ ጎረቤት አለ። ይህኛው የእስያ ቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያላችሁ ሞክሩት። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ዘርቼው ሁለቴም ቁመቱ ከስንዝር ሳያልፍ ቀረ።

ለጀማሪ ምክሬ አንድ ዓይነት ብቻ ዝሩ የሚል ነው። ምክንያቱን ዘር ማስቀረት ላይ ስንደርስ ታገኙታላችሁ።

መቼ ነው የሚዘራው?

አሉማ ሁለት ጠላት አለው። ብርድ እና የተኛ ውሃ። ዘሩ እንዲበቅል አፈሩ ሞቅ ማለት አለበት፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ደስ ይለዋል። ውርጭ ካገኘው ደግሞ በአንድ ሌሊት ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ያድራል።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ እኔ የማምነው የካቲት ነው። የካቲት መጀመሪያ በዕቃ ውስጥ ይዘራል፣ መጋቢት ላይ መሬት ይገባል። መጋቢትና ሚያዝያ ለአዲስ አበባ ሞቃት የሚባሉ ወሮች ናቸው፤ የበልግ ዝናብም ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ከሆነ ሰኔ ላይ፣ ዋናው ክረምት ሳይከፍት፣ አበባችሁን ታያላችሁ። የዘር ፓኬት ላይ 65 ወይም 75 ቀን ተብሎ ሲጻፍ አትመኑት። ያ ለሞቃት በጋ የተጻፈ ነው። የእኔ ግቢ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከ100 ቀን ቀድሞ አብቦልኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ዕድል ጳጉሜን ነው። በረንዳ ላይ ይዘራል፣ ዝናቡ ሲያባራ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ መደብ ይዛወራል። ለገና ጠረጴዛ ያደርሳል። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት ሰፈር ከሆነ፣ በተለይ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ፣ አይቻልም። ሐምሌ ላይ ግን አትዝሩ። ፀሐይ የለም፣ አፈሩ ብርድ ነው፣ በረዶ ይመታዋል። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሐዋሳ፣ አዳማና ባሕር ዳር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ውሃ ካለ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል መዝራት ትችላላችሁ፤ ዕድገቱም ከእኛ ይልቅ ይፈጥናል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቼ ሲጠይቁኝ መልሴ ሌላ ነው። እዚያ በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በቀጥታ መሬት ላይ ዝሩት። አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። እኔ ጋ ወገብ ላይ የቀረው ያው ዘር እናንተ ጋ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። አሉማ ቀኑ ሲያጥር ለማበብ የሚቸኩል ተክል ነው። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሳያድግ ወደ አበባው ይገባል። ዋሽንግተን አካባቢ ግን በበጋ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። ተክሉ ጊዜ አለኝ ብሎ ቁመት ይጨምራል። እዚህ ያለን ሰዎች አጭር ሆነብን ብለን ማዳበሪያ ማብዛት የለብንም ማለት ነው።

አፈሩ

ለመብቀያ የሚሆነው አፈር ደቃቅ መሆን አለበት። ጓል ካለበት ዘሩ ከጓሉ ሥር ገብቶ ይቀራል። እኔ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ሁለት እጅ ቀይ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ከዚያ በወንፊት እነፋዋለሁ። ወንፊቱ የወጥ ቤቱ እንዳይሆን፤ በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ጠብ ተነስቶ ያውቃል።

ዕቃ ለማግኘት ገንዘብ አታውጡ። የሃይላንድ ጠርሙስ በአግድም ሰንጥቃችሁ ታቹን በምስማር ብሱት፣ ጥሩ መደብ ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ እኔ አልወደውም። ጠዋት ያጠጣችሁት ከሰዓት ደርቆ ይገኛል፣ ሥሩም ቦታ ያጣል።

መሬቱን ደግሞ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያገኝ ቦታ ይሁን፤ ቀን ሙሉ ቢሆን ይመረጣል። አንድ አካፋ ጥልቀት ቆፍሩ፣ ጓሉን ፍጩ፣ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ኮምፖስት በቂ ነው። ሰፈራችሁ ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። መረሬ ውሃ ይዞ ይተኛል፣ የአሉማ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም።

አዘራሩ፣ ቀስ ብለን

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ገበሬ ጤፍ ሲዘራ ምን ያደርጋል? መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሳል። ከብት ነድቶ ያስረግጠዋል፣ ጠፍጠፍ እንዲል። ዘሩን ከላይ ይበትናል። አፈር ከመለሰበትም በስሱ ነው። እናንተም በአንድ ሳህን ውስጥ ያንኑ ነው የምትሠሩት።

በመጀመሪያ ዕቃውን ከአፉ አንድ ጣት ዝቅ እስኪል በአፈር ሙሉት። በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ ደልድሉት። የከብቱ እግር የእናንተ መዳፍ ነው። አፈሩ ላላ ብሎ ከቀረ ውሃ ሲነካው ይሰምጣል፣ ዘሩንም ይዞት ይወርዳል።

ዘሩን ከመበተናችሁ በፊት አፈሩን አርጥቡት። ከላይ አይደለም። ዕቃውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃውን ከታች በቀዳዳው ይጠጣል። የላይኛው አፈር ቀለሙ ሲጠቁር አውጡትና ውሃው ተንጠፍጥፎ ይውረድ።

ከዚያ ዘሩ። አንድ ቁንጥር ዘር በአንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ውስጥ ቀላቅሉ። ዘሩ ብቻውን ከተበተነ አንድ ቦታ ይከመራል፤ እጃችሁ ላይ ላብ ካለ ደግሞ ጣታችሁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አሸዋው ይዘረዝረዋል፣ የት እንደወደቀም ያሳያችኋል። በርበሬ ወጥ ላይ እንደምትነሰንሱት ከፍ አድርጋችሁ ነስንሱት።

ሽፋኑ የሚዘነጋው ነገር ነው። ያው ደቃቅ አፈር በወንፊት ከላይ በስሱ ይነፋበት፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥም። አንዳንድ ፍሬ ቢታያችሁ አትጨነቁ። ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ግን አብዝታችኋል ማለት ነው። ይህች ታህል ዘር በሆዷ የያዘችው ስንቅ ትንሽ ነው። አንድ ጣት አፈር ሰብራ ለመውጣት ጉልበቷ አይበቃም፤ እዚያው ያልቅባታል።

በመጨረሻም በመዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ በመርጫ እፍ በሉበት። የጸጉር ቤት መርጫ ከሁሉም የተሻለ ነው። ከላይ ፌስታል አልብሱትና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ፍሪጅ አናት ላይ ሙቀት አለ፤ የእኔ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ከ4 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይወጣል።

ቀጥታ መሬት ላይ የሚዘራ ሰውም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ በዱላ ጫፍ መስመር ታሰምራላችሁ፣ መስመሩ ላይ ትነሰንሳላችሁ፣ ችግኙ እስኪጠነክር ዶሮ እንዳይደርስበት እሾህ ወይም ቅጠል ከላይ ታደርጋላችሁ። ዶሮ ካለቻችሁ ይህን ምክር ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ከበቀለ በኋላ

አንድ ቀን ጠዋት ፌስታሉን ስታነሱ ቀያይ ክር የመሰለ ነገር ታያላችሁ። በዚያው ሰዓት ፌስታሉን አንሱት፣ ብርሃን ወዳለበት ውሰዱት። ነገ እወስደዋለሁ ማለት አያዋጣም። በአንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ይመዘዝና ቀጭን፣ ወገቡ የማይይዝ ይሆናል።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ መደቡን አየችና "ልጄ፣ አረም ገዝተሽ ነው እንዴ የዘራሽው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። የአሉማ የዱር ዘመዶች እኮ በየጓሮው የምንነቅላቸው አረሞች ናቸው፤ ችግኛቸው አንድ ነው። የምትለዩበት ዘዴ ግን አለ። ቀይ አበባ የሚያወጣው ዘር ብዙውን ጊዜ ከልጅነቱ ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ ቀይ ነው። ቀለሙ ቤታሌይን ከሚባለው ወገን ነው፤ ቀይ ሥርን የሚያቀላውም እሱ ነው። አረንጓዴ ዓይነት ከዘራችሁ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ስለዚህ በመስመር ዝሩ፣ ጫፉ ላይ እንጨት ትከሉ። ቤታችሁ ውስጥ የሚያርምላችሁ ሰው ካለም አስቀድማችሁ አሳዩት። እኔ ሳላሳይ አንድ ሙሉ መደብ በንጽሕና ተነቅሎ ጠብቆኛል። ሠራተኛዋን ምን ልበላት? ሥራዋን ነው የሠራችው።

በዚህ ጊዜ ችግኝ የሚገድል አንድ በሽታ አለ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥንና ይጠቁራል፣ ችግኙ ዞሮ ይወድቃል። ከተነሳ መድኃኒት የለውም። መከላከያው ውሃ አለማብዛት፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግና አለማጨናነቅ ነው። ማታ አታጠጡ። ጠዋት፣ አሁንም ከታች በሳፋ።

ሁለት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጡትን) ሲያወጡ አሳሱ። በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይቅር። መንቀል ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን ካላሳሳችሁ ሁሉም ይከሳሉ። መሬት ላይ ከዘራችሁ ትንሽ አሳድጋችሁ ማሳሳት ትችላላችሁ፤ ያኔ የነቀላችሁትን እንደ ጎመን ቀቅላችሁ መብላት ይቻላል። ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት፤ ቅጠሉ ኦክሳሌት ስላለው ጥሬውን አይመከርም። መድኃኒት የተለወሰ ዘር ከሆነ ወይም ፀረ ተባይ ከረጫችሁበት ግን አፋችሁ ጋ አታድርሱት።

ወደ መደቡ ማዛወር

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላው፣ ቁመቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መሬት ይግባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘገያል። "ትንሽ ይጠንክር" ይላል። አሉማ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሥሩ ሲታጠፍ ዕድሜዬ አለቀ ብሎ ያስባል። ቁመቱ ስንዝር ሳይሞላ አበባ ይጥላል፣ ከዚያ ቢዛወርም አያድግም። የታናሽ ችግኝ መዛወር ከትልቁ ይሻላል።

ከማዛወራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ውጭ አለማምዱት። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት፣ ቀስ በቀስ ሙሉ ፀሐይ። የምትተክሉት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን። ችግኙን ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አጠጡት። በማንኪያ ከነአፈሩ አውጡት። ሥሩን አታራግፉ። ከነበረበት ጥልቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢተከል ጥሩ ነው፣ ግንዱ ይጠነክራል።

ርቀቱ የሚወሰነው በምትፈልጉት ነገር ነው። ለግቢ ጌጥ ከሆነ በመካከላቸው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ ባለ ጭራው ክንዱን ዘርግቶ እንዲወርድ። እየቆረጣችሁ ቤት ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ይበቃል። ሲጠጋጉ ቀጥ ይላሉ፣ ዘለላቸውም ለጠርሙስ የሚመጥን ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አትቅሩ። 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን፣ ታቹ የተበሳ፣ አንድ ተክል ይበቃዋል። ባለ ጭራውን በረንዳው ጠርዝ አካባቢ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከታች ያለው ጎረቤት ሳይተክል ያያል።

ቆራጭ ትል ያለበት መሬት ከሆነ ከሃይላንድ ጠርሙስ ቀለበት ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል አስገቡት። ትሉ ሌሊት መጥቶ ግንዱን እንደ መቀስ ነው የሚቆርጠው።

ጫፉን መቅጠፍና ማስደገፍ

ተክሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አንድ ውሳኔ ይጠብቃችኋል። ጫፉን ትቀጥፋላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ? ከታች አምስት ስድስት ቅጠል አስቀርታችሁ ጫፉን ከቀጠፋችሁ ከጎን ቅርንጫፎች ይወጣሉ። አንድ ግዙፍ ዘለላ በመጠበቅ ፈንታ አምስት ስድስት መካከለኛ ታገኛላችሁ። አበባው በአንድ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ለመቁረጥ ለሚያለማ ሰው መቅጠፍ ነው የሚሻለው። ግቢ ውስጥ እንግዳ የሚያስደነግጥ አንድ ትልቅ አበባ ከፈለጋችሁ ግን አትንኩት። እኔ መንገድ ዳር ያሉትን እተዋለሁ፣ ከጓሮ ያሉትን እቀጥፋለሁ።

ድጋፍ ቁመቱ ወገብ ሳይደርስ ነው የሚደረገው። ከወደቀ በኋላ ብታነሱት አንገቱ ጠሞ ይቀራል። ለአንድ ተክል አንድ ችካልና ላላ ያለ የሲባጎ ቋጠሮ ይበቃል። ለብዙ ከሆነ በመደቡ አራት ማዕዘን ችካል ቸክሉና ሲባጎውን በሁለት ከፍታ ዙሪያውን አዙሩት፣ በመሃልም አጣምሩት።

ውሃና ማዳበሪያ

ሥር እስኪሰድ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት፣ አፈሩ አይድረቅ። ከዚያ በኋላ አሉማ ጥም የሚችል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ቢተኛ አትደንግጡ፤ ማታ ራሱን ያነሳል። ማታም ተኝቶ ካያችሁት ያኔ አጠጡት።

ስለ ማዳበሪያ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዩሪያም ሆነ ያልበሰለ ፍግ አታሳዩት። በሁለተኛው ዓመቴ ስኬት ናፍቆኝ ያልበሰለ የከብት ፍግ ሞላሁበት። ተክሉ ከእኔ በለጠ፣ ቅጠሉ ጎመን አከለ፣ ጎረቤት መጥቶ አደነቀ። ቀለሙ ግን ፈዘዘ፣ ግንዱም ውሃ ብቻ ሆነ። ግንቦት ላይ አንድ ማታ ነፋስና በረዶ መጣ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም መሬት ላይ ተኝተዋል። መጀመሪያ የጨመራችሁት ኮምፖስት ይበቃዋል።

ተባይ

ብዙ አያስቸግርም። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ብታዩ ተዉት፤ አበባውን ነው የምትፈልጉት። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ጫፉ ላይ ከተሰበሰበ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር እርጩበት። ቀንድ አውጣ በዝናብ ጊዜ ችግኝ ያወድማል፤ ባትሪ ይዞ ወጥቶ መልቀም ነው። አበባው ዘር ሲይዝ ደግሞ ወፍ ይመጣል። እኔ ለወፎቹ ጥቂት እተዋለሁ። ቀድሞም ከአቅሜ በላይ ነው ያለው።

መቁረጥና ማድረቅ

ለጠርሙስ የምትቆርጡት ከዘለላው ሦስት አራተኛው ሲከፈት ነው። በጣም ለጋ ከሆነ ይጠወልጋል። ዘር እስኪይዝ ከቆየ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ይረግፋል። ጠዋት በጤዛው ቁረጡት፣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ። ቅጠሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ አራግፉት። ከአበባው ቀድሞ የሚጠወልገው ቅጠሉ ነው፣ ከተዋችሁትም ውሃውን ያገማዋል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ከቀየራችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቆያል። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ቀዩ ቀለም ይለቃል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አታስቀምጡት።

አማራንተስ የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ "የማይጠወልግ" ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ሲደርቅም መልኩን ስለማይጥል ነው። ለማድረቅ ትንሽ ቆይታችሁ ቁረጡ፣ ዘለላው ሲዳሰስ ጠንከር ሲል። ቀጥ ባዩን አራት አምስቱን አስራችሁ ወደ ታች ስቀሉት፣ ጨለማና ነፋስ ያለበት ክፍል ውስጥ። ባለ ጭራውን ግን አትስቀሉ። ከሰቀላችሁት ጭራው ወደ አናቱ ይዘረጋና እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ባዶ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙት፣ እንደተንጠለጠለ ይድረቅ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ያደረቀ ሰው ቀዩን ቡኒ ያደርገዋል።

ዘር ማስቀረት

ቆንጆ ቆንጆዎቹን ቀድሞ መቁረጥ ያጓጓል። ዘር የሚሆነውን ግን ከመጀመሪያው ምረጡና ቀይ ክር እሰሩበት፣ ማንም እንዳይነካው።

ዘሩ ሲደርስ ዘለላውን በመዳፋችሁ መሃል አሸት አድርጉት። ፍሬው እጃችሁ ላይ ከወረደ ደርሷል። ተክሉ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ አብዛኛው መሬት ላይ ይረግፋል። ዘለላውን ቆርጣችሁ ነጠላ ወይም አንሶላ ላይ አስጡት። ከሳምንት በኋላ አሹት፣ በወንፊት አውርዱት፣ በሰፌድ አንገዋሉት። ገለባው በጣም ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያለበት ቦታ አታንፍሱ፣ ዘሩም አብሮ ይሄዳል። ለስለስ ያለ እፍታ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ቀድሞው ምክር እንመለስ። አሉማ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። ቀይና አረንጓዴ አጠገብ ለአጠገብ ከተከላችሁ የሚቀጥለው ዓመት ዘር የተቀላቀለ ይወጣል። ጓሮ ካለው ከዱሩ አሉማም ሊዳቀል ይችላል። ከዱሩ ጋር የተዳቀለው ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ዘለላው እየቀጠነ ይሄዳል። ንጹሕ ዘር የሚፈልግ ሰው ወይ አንድ ዓይነት ብቻ ያለማ፣ አረሙንም ሳያብብ ይንቀል፤ ወይ ደግሞ የመረጠውን ዘለላ ሳይከፈት በወረቀት ከረጢት ያልብሰው። ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከረጢት ውስጥ ሆኖም ዘር ይይዛል።

ዘሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ የዓይነቱን ስምና ዓመቱን ጽፋችሁ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። አራት አምስት ዓመት ይበቅላል። ፌስታል ውስጥ አይሁን፤ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል።

መደቡ ላይ የረገፈው ደግሞ በሚቀጥለው በልግ ሳይዘሩት ብቅ ይላል፣ በመቶ የሚቆጠር ሆኖ። የድንጋይ ንጣፉ መሃል ሳይቀር ታገኙታላችሁ። ሁለት ጣት እስኪሞላ ጠብቁና ቀይ ግንድ ያለውን በማንኪያ አንስታችሁ ወደምትፈልጉበት ቦታ አዛውሩት፤ የቀረውን ኮትኩቱት።